ነጠላ ኩፖን አንቀበልም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 1982

መንግሥት ለተቸገረ የሚያድለውን የምግብ ኩፖን ዛሬ ተቀበልኩ። ለሰው የማልናገረውን ለዚህ ደብተር ልናገር። የረኔ የዓምና የሒሳብ ደብተር ነው፤ ግማሹ ባዶ ነው፣ ዳር ዳሩን ፈረስ ሥላበታለች።

የወረዳው ቢሮ ገባሁ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ባልሽ የት ነው አለችኝ። ሥራ ፍለጋ ኦሃዮ ሄዷል አልኳት። የከሰል ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ የመንደራችን የብራሽ ፎርክ ወንድ ሁሉ ኦሃዮ ነው ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። ፈረምኩና የሰረቅሁ ይመስል ብብቴ ሥር ሸጉጬው ወጣሁ።

ቤት ውስጥ አራት ነን። እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ረኔ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ከርቲስ፣ እና የባሌ የዶይል አባት። ልጆቹ ፓፓው ይሏቸዋል፤ እኔም እንደ ልጆቹ ፓፓው ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከሰል ሲቆፍሩ ነው፤ አቧራው ሳንባቸው ላይ ተኝቷል። ከአልጋቸው ተነሥተው ምድጃው ዘንድ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። እሳት ማንደዱን ግን ለማንም አይሰጡም። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የሚያሞቁት እሳቸው ናቸው።

ፓፓው ኩፖን መሆኑን ካወቁ አይበሉም። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ የምስቅበት ነገር አይደለም። በፀደይ ቤተ ክርስቲያኑ መንግሥት የሚያድለውን አይብ ሲያመጣልን ከየት እንደመጣ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ አይቡ ከቤት እስኪያልቅ ድረስ አይብ ያልነካውንም ምግብ አልቀምስም አሉ፤ በጥቁር ቡና ብቻ ከረሙ። ሐኪሙ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሥጋ ካላወጡ ይህን ክረምት አይወጡትም ብሎኛል።

ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ። በጎልማሳነታቸው ኩባንያው ደመወዝ የሚከፍላቸው በራሱ ሳንቲም ነበር፤ ከኩባንያው ሱቅ በቀር የትም የማይሠራ ሳንቲም። ሱቁ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፣ እነሱ ከመክፈል በቀር ምርጫ የላቸውም። “የትም የማይሄድ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም፤ ገመድ ነው” ይላሉ። ያ ሳንቲም ቀርቶ መጀመሪያ እውነተኛ ዶላር የያዙ ዕለት፣ ዳግመኛ በሰው ሳንቲም አልበላም ብለው ለሟች ባለቤታቸው ምለውላታል።

እንግዲህ እኔ ደግሞ እዋሻለሁ። ዶይል ላከ እላለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 7

ተራራውን ተሻግሬ ማዶ ካለው ሱቅ ገዛሁ። እዚህ መንደራችን ያለው የግሌና ሱቅ እንዳልሄድ ሰዉ ሁሉ ያውቀኛል፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል።

ኩፖኑ እንደ ትንሽ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በየኩፖኑም ላይ አለ። ባንኮኒው ላይ አውጥተሽ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ እያየች ነው የሚቀደደው። ያ ድምፁ! አንድ ጊዜ ከሌላ ሴት ኋላ ተሰልፌ ሰምቼዋለሁ። ቸርርር ሲል የሰው አንገት ሁሉ ይዞራል። እኔም ዞሬ አይቻት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ቤት በር ዘግቼ ሁሉንም ቀደድኳቸውና እንደ ብር አጥፌ በእጄ ጨበጥኩ። ማዶ ያለችው ልጅ ማስቲካዋን እያላመጠች ቀና ብላ ሳታየኝ ተቀበለች። ሽፋኖቹን ጭራሮ ሳጥኑ ውስጥ ከጋዜጣው በታች ከተትኳቸው፤ ጠዋት ከጭራሮው ጋር ይነዳሉ። ፓፓው እሳት የሚያነዱት በጨለማ፣ ያለ መነጽር ነው። ብልጥ ብሎ እኔን ነው።


እሑድ፣ ኦክቶበር 17

ፓፓው በሉ! ቦሎቄ በአሳማ ጮማ፣ በላዩ ደግሞ የበቆሎ ዳቦ በብርጭቆ አሬራ ፈትፍተው። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ሲያንኳኩ ድምፁ ደስ ይላል። “ዶይል ሰው ሆነ” አሉ። አዎ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚልከው አልኩ። ትክ ብለው አዩኝና ተጨማሪ ዳቦ ጠየቁ።

እኔ አልበላሁም፤ የሠራሁበት ሽታ ያጠግበኛል።

ከሰዓት ዶይል ደወለ። ደጅ ያለ ስልክ ነው መሰለኝ፣ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። የተከራየሁት ክፍል ጥሩ ነው፣ ይሞቃል አለኝ። ሥራውስ? ሊጠሩኝ ነው አለ። ከዚያ ያንን ወፍራሙን ብርድ ልብስ በአውቶቡስ ላኪልኝ አለ። ላክሁለት። ኦሃዮ ይበርዳላ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 22

ከፓፓው ጋር ተጣላን። ያንን የሥራ ጃኬታቸውን ላጥብላቸው ብዬ ከመስቀያው ሳወርድ ሳል እያነቃቸው መጥተው ከእጄ ነጠቁኝ። ኪሱ ያበጠ ነው። ትምባሆ ነው አይደል? አልኳቸው። ሐኪሙ አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳይቀምሱ ብሎ እያለ! የልጅ ልጆችዎን አያስቡም? አልኩ። በኋላ ቀስ ብለው “እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ፤ ተይኝ” አሉ።

ክፉ ተናገርኳቸው። ለደረቀ ሽማግሌ አንድ ጉንጭ ትምባሆ ምን ይሆናል? ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ተኝተው አገኘኋቸው፤ ጃኬቱን እንደለበሱ ነው የተኙት።


ማክሰኞ

ሳሙና አለቀ። በኩፖን ሳሙና አይሸጥም። መንግሥት ድሃ ይብላ አለ እንጂ ይታጠብ አላለም። የከርቲስን ሸሚዝ በሶዳ አጠብኩት፤ ነጣ። ረኔ ትምህርት ቤት ምን ምን ሸተትሽ እንዳይሏት ብቻ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 31

ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ከስብከቱ በኋላ እትዬ ኦፓል ሴቶቹን ሰብስባ ስታወራ ደረስኩ። ዘንድሮ ኩፖን የሚበሉ ሰዎች ከኛ በላይ ሥጋ ይገዛሉ፣ እኛ እዚህ ድንች እየላጥን እነሱ የአሳማ ጭን ይቆርጣሉ ትላለች። አንዷ ማን ማን ነው አለቻት። “እኔ ስም አልጠራም፤ ሰው ራሱን ያውቃል” አለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። “እውነት ነው” አልኩ! ምላሴን በቆረጠው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን የራሱን ሐሜት ቁጭ ብሎ ሰምቶ አሜን አለ።

በዚያው ቅጽበት ፓፓው ከአግዳሚው ላይ አጥብቀው ያስሉ ጀመር። ሴቶቹ ወሬያቸውን ትተው ውሃ ውሃ አሉ። ወደ ቤት ውሰጂኝ አሉኝ፤ ደግፌ አወጣኋቸው። ፒካፕ መኪናችን ውስጥ ገና በሩን ስንዘጋ ሳሉ ቆመ። ብርዱ ነው አሉ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 4

የዚህን ወር ኩፖን ወሰድኩ፤ እንደ ልማዴ ቀደድኩ፣ ሽፋኑን ጭራሮ ሳጥን። 

ፓፓው ደግሞ አዲስ ጠባይ አመጡ። ገበያ ልሄድ ቁልፍ ካነሣሁ ጃኬታቸውን ቆልፈው በር ላይ ይቆሙልኛል። “ልሸኝሽ” ይላሉ። ይበርድዎታል እላለሁ። “መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ” ይላሉ። ከመጸዳጃ ቤት መልስ የሚያርፉ ሰው ተራራ ሊሻገሩ! ሁለት ጊዜ በጓሮ ሹልክ ብዬ ጥያቸው ሄድኩ። ስመለስ መስኮቱ ላይ ቆመው ነው ያገኘኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ። ቀርተው ቅር ብሏቸዋል። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ቢከተሉኝስ? ኩፖኑን በእጄ ቢያዩስ?


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 10

ቸኩያለሁ። ፓፓው ግማሽ ሳህን ተዉ። ጥርሴን አመመኝ አሉ። “አንቺ ጨርሺው” አሉ። ለከርቲስ ሰጠሁት። እኔ አልራበኝም።


ቅዳሜ

ዛሬም ግማሹን ተዉ። ጥርስ ነው አሉ እንደገና። ድንቹን አላምኩላቸው፣ እሱንም ተዉ። “ለምን አንቺ አትበዪውም” አሉኝ፤ ምግብ ከሠራሁ በኋላ አይበላልኝም አልኳቸው። ለረኔ ሄደ። የሚያድጉ ልጆች ናቸው፣ ደስ ይለኛል።

ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ታጥቦ ታጥቦ ነው የሚሆነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16

ክሊኒክ ነበርን። ፓፓው ቀንሰዋል! ሐኪሙ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ምግብ እንደከለከልኳቸው ሁሉ። አንቺንም ልመዝንሽ እንዴ አለኝ ለቀልድ። ጊዜ የለኝም አልኩት።

እንዴት ይሆናል? ስንት ውሸት ዋሽቼ፣ ያንን ጠመዝማዛ ተራራ ወጥቼ ወርጄ፣ ሰውየው ይከሳሉ? አውቀውብኝ ይሆን? ቢያውቁ ግን ሳህኑን ጭራሽ ይገፉታል እንጂ ግማሽ በግማሽ የሚባል ነገር የላቸውም፤ አውቃቸዋለሁ። እና ጥርስ ነው። ጥርስ ነው መሆን ያለበት።

ክሊኒኩ በር ላይ ክንዴን ይዘው ሲወርዱ እንደ ረኔ ነው የቀለሉኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጌታዬ ሆይ፣ ይህን ክረምት አሳልፋቸው፤ ሌላ ምንም አልለምንህም።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ሦስት ቀን የዘነበው ዝናብ ተራራውን ናደው። የማዶው መንገድ ተዘግቷል፤ ከገና በፊት አይከፈትም ይላሉ። ሐሙስ የምስጋና ቀን ነው።

ልጆቹን ለበዓሉ ምን ይሠራላችሁ ብዬ ስጠይቅ ፓፓው ከጥጋቸው ሆነው “እኔንስ አትጠይቂኝም?” አሉ። ይህን ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህን እፈልጋለሁ ብለው አያውቁም። ባለቤታቸው ትሠራላቸው የነበረውን ነው ያማራቸው፤ ዶሮውን ቀቅላ፣ መረቁ ላይ ሊጥ እየቆረሰች የምትጥልበትን። “እሱን ከሠራሽልኝ ሳህኑን እልሰዋለሁ” አሉ።

ሊበሉ ነው! ለበዓሉ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ኩፖኖች አሉኝ። ግን መንገዱ ተዘግቷል፤ የቀረው የግሌና ሱቅ ብቻ ነው።

ልሂድ? ኦፓል እዚያ አትጠፋም። ምድጃው ዳር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች በሙሉ ከፓፓው ጋር ጉድጓድ የወረዱ ናቸው። አንዱ ካየኝ ማታውኑ ይነግራቸዋል። ካልሄድኩ ደግሞ የተመኙትን አያገኙም። ነገ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ እሄዳለሁ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 24

ትናንት ፒካፑ አልነሣ ብሎኝ ዋለ። ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጽፈው ነው።

ፓፓው እንደ ልማዳቸው በር ላይ ጃኬታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ዛሬ ማምለጫ አልነበረኝም። መኪና ውስጥ እንደሚቆዩ ቃል አስገባኋቸው፤ መስኮቱን ዘጋሁላቸው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣልኩ።

ሱቁ ጢም ብሏል። ለካ በበዓል ዋዜማ ሰው የሌለበት ሰዓት የለም። ዶሮውን፣ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ለልጆቹ ዱባ ያዝኩና ተሰለፍኩ። ኦፓል ከኋላዬ መጣች። ሰላም ተባባልን። ዞር ስል በሩ ላይ ግሌና በትልቁ የጻፈችውን አየሁት፦ “ነጠላ ኩፖን አንቀበልም።”

የኔዎቹ ሁሉም ከሽፋናቸው የተቀደዱ ነጠላ ናቸው። ትናንሾቹን የአንድ አንድ ዶላሮቹን ነጠላ ቢሆኑም ይቀበላሉ፤ እነሱን ግን ጨርሻለሁ። የአምስትና የአስሩ ግን ከነሽፋኑ ካልሆነ አይሆንም። ሽፋኑ ደግሞ አመድ ሆኗል። ዶሮውን መልሼ ልውጣ ብዬ ነበር፤ ተራዬ ደረሰ።

ግሌና በቀስታ ነው የተናገረችኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። “ቨርናዬ፣ ነጠላውን መውሰድ አልችልም። ባለፈው ወር ከላይ መጥተው አስጠንቅቀውኛል፤ ከተገኘብኝ ፈቃዴን ነው የሚነጥቁኝ። ሽፋኑ የታለ?”

ቤት ረሳሁት አልኩ። ሂጂና አምጪው፣ ዕቃሽን አስቀምጥልሻለሁ አለችኝ። ምኑን ነው የማመጣው? እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ ኦፓል፣ ሱቁ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ “ምነው ቨርና፣ ኩፖን ነው እንዴ የያዝሽው?” አለች። ምድጃው ዳር ያሉት ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አቆሙ።

ያኔ የበሩ ደወል ጮኸ። ሳላይ በትንፋሹ አወቅሁ። ፓፓው።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ያፈርኩት ለራሴ አልነበረም። ኩፖኖቹ ባንኮኒው ላይ ተበትነዋል፤ እያዩዋቸው ነው። ዛሬ ማታ ሳህኑን ይገፉታል፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። በገዛ እጄ ገደልኳቸው ነው ያልኩት።

ከበሩ እስከ ባንኮኒው ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። አጠገቤ ሲደርሱ ያንን ያበጠ ኪሳቸውን ፈተው በጫማ ማሰሪያ የታሰረ ጥቅል አወጡ። ፈቱት። የኩፖን ሽፋኖች ናቸው። የኔ ሽፋኖች። የኦክቶበሩ ከኖቬምበሩ ጋር፣ የተጨማደደው በእጅ ተዘርግቶ ተስተካክሎ፣ አንዱ ዳሩ ላይ እሳት የነካው።

“ግሌና፣ ቁጥሩን አመሳክሪ” አሉ።

ከዚያ ወደ ምድጃው፣ ወደ ድሮ ጓደኞቻቸው ዞሩ። ትንፋሽ እስኪያገኙ ሁሉም ጠበቃቸው።

“የቀደድኳቸው እኔ ነኝ። የሽማግሌ እጅ አያርፍም። እሷን አትዩአት፤ ኩፖኑ የኔ ነው። ከዚያ ቤት ዋናው በላተኛ እኔ ነኝ።”

ያ ሁሉ ዓመት ምለው የኖሩ ሰው። በእነዚያ ሰዎች ፊት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቦታ ለቆ “ሆባርት፣ ቁጭ በል እንጂ” አላቸው፤ ሌላ ምንም አልተባለም። ግሌና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየችና ዕቃውን ራሷ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ኦፓል ተራዋ ደርሶ ሳለ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ የምትከፍልበትን እንዳናይባት ይመስል እኛ እስክንወጣ አልከፈተችውም። ምን እንደያዛት እንጃ።

ፒካፑ ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሣ አለቀስኩ። ፓፓው መስኮቱን እያዩ አስጨረሱኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት? አልኳቸው።

“ከመጀመሪያው ጠዋት” አሉ። “እሳት የሚያነድ ሰው የሚያነደውን አያይም ብለሽ ነው? አንዱ ላይ ክብሪት ጭሬ ነበር፤ ዳሩ ሲይዝ አወጣሁት።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ታዲያ ለምን በሉ? አልኳቸው።

“ዶይል ላከ ስትይ ድምፅሽን ሰማሁት። አንዲት ልጅ ለኔ ብላ ተራራ ተሻግራ ትዋሻለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ መሐላዬን ልቀፍ? የማልኩላት ሴትም ብትኖር ትታዘበኝ ነበር።”

ሽፋኑን ለምን እንደያዙትም ነገሩኝ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ፣ ሱቆች ነጠላ ኩፖን እየመለሱ ነው ሲባል ሰምተው፣ አንድ ቀን ልጄ ትያዛለች ብለው ነው። “ልሸኝሽ” ያሉኝ ለዚህ ነበር። እኔ በጓሮ ሹልክ ስል መስኮት ላይ የቆሙት ለዚህ ነበር። ትምባሆውስ? አልኩ።

“ትምባሆ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ” አሉ። “እኔ እሺ ነው ያልኩት።”


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 25፣ የምስጋና ቀን

ጠዋት ዶሮው ሲቀቀል ዶይል ደወለ። ደኅና ነኝ፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ ሊጠሩኝ ነው። ፓፓው እጃቸውን ዘረጉ። ስልክ የማይነኩ ሰው ናቸው፤ ሰጠኋቸው።

“ዶይል፣ ብርድ ልብስ የሚያስልክ ሞቃት ክፍል የለም። መኪናህ ውስጥ ነው የምታድረው አይደል?” አሉት።

እኔ ሊጡን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። እንዴት አላወቅሁም? አውቄ ይሆን? እንጃ። ፓፓው ቀጠሉ፤ እዚህ ምግብ አለ፣ ምግቡ ኩፖን ነው፣ ኩፖኑን ትናንት ግሌና ሱቅ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ስለዚህ ባዶ እጅህን ና፣ አሉት። “አባዬ፣ አንተ? ራስህ?” ሲል ከስልኩ ውጭ ተሰማኝ። ከዚያ ያለቅስ ጀመር፤ ፓፓውም ዘግተውበት ሄዱ እንዳይባል ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ጠበቁት። ዶይል ነገ ወደ ቤት ይነሣል።

ገበታው ቀረበ። ለልጆቹ አወጣሁ፤ ለፓፓው እስከ አፉ ሞላሁላቸው። መረቁ ደምቋል፣ ሊጡ አብጧል፤ ባለቤታቸው ብታየው አታፍርም ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ማንኪያዬን ይዤ ምድጃው ዘንድ ቆምኩ።

ፓፓው አልጀመሩም። ማንኪያቸውን ሳህኑ ጎን አስቀመጡት። ያው፣ ጀመራቸው አልኩ።

“ተቀመጪ” አሉኝ።

እናንተ ብሉ፣ እኔ የሠራሁበት ሽታ ያጠግበኛል አልኩ።

“ቨርና። ከኦክቶበር ጀምሮ ስትጎርሺ አላየሁሽም። ግማሽ ሳህን የምተውልሽ አንቺ ትበዪው ብዬ ነው፤ ጥርሴ ምንም አልሆነም። አንቺ ለልጆቹ ትገለብጪዋለሽ፣ እኔ ደግሞ ነገ ትበላው ይሆናል እያልኩ እተዋለሁ። ሁለታችንም ስንከሳ ከረምን።” ትንፋሻቸው አጠረ። ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከጠረጴዛው አወጡልኝ። “አንቺ ካልጎረስሽ አልጎርስም። በሞቴ።”

በሞትዎ አይማሉብኝ አልኳቸው። ከርቲስም፣ ረኔም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። መረቁ እየቀዘቀዘ ነው።

ተቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ አነሣሁ። ፓፓውም አነሡ።

ራበኝ። እንዴት እንደራበኝ! በላሁ።